አንድ ዝርያ ከሌላው ሲወጣ የታየበት ጊዜ አለ? ስለ ቡናችን፣ ስለ ጣና ዓሣና ስለ «እንደ ወገኑ»

የጣና ዳር መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ጨርሼ ደብተር ስሰበስብ አንዲት ተማሪዬ ቀረብ ብላ፣ «መምህር፣ ለፈተናው የምጽፈውን አውቀዋለሁ፤ ግን አንድ ዝርያ ከሌላ ዝርያ ሲወጣ ያየ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። የጋላፓጎስን ወፎች ጠቅሼ መለስኩላት። እሷም «እነሱ እኮ ዞሮ ዞሮ ወፎች ናቸው» ብላ ሄደች። መልሴ ለራሴም አልጣመኝም፤ ምክንያቱም ጥያቄዋ ቀጥተኛ መልስ ነበረው፣ መልሱም በየቤታችን ረከቦት ላይ የሚቀመጥ ነው።

የእኛ ቡና፣ ሳይንሱ ኮፊያ አራቢካ የሚለው፣ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተወለደ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። አንደኛው ወላጁ ገበያ ላይ ሮቡስታ የሚባለው ኮፊያ ካኔፎራ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ደኖች የሚበቅለው ኮፊያ ዩጂኒዮይደስ ነው። ሁለቱም ወላጆች በየሕዋሳቸው 22 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የተጻፈባቸው ክሮች) ሲኖራቸው አራቢካ 44 አለው፤ ዲ.ኤን.ኤው ሲነበብም ግማሹ የአንደኛው፣ ግማሹ የሌላኛው ወላጅ መሆኑ በግልጽ ይታያል። ጠባዩም ተለውጧል። የካኔፎራ ዛፍ በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ሌላ ዛፍ ይፈልጋል። አራቢካ ግን ብቻውን ቢተከልም ያፈራል።

ይህን የምጽፈው የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም፤ እኔም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ይሁን እንጂ ይህ ርዕስ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ እየሄደ በቁጣ ሲያልቅ ስላየሁ በቡና መጀመርን መርጫለሁ። በአሳቤ ውስጥ የሚሰበር ነገር የሚታየው ካለ ቦታውን ለይቶ እንዲያሳየኝ እለምናለሁ።

ዲያቆን ዘፎገራ

መምህር፣ ጉዳዩን በአክብሮት ስላቀረቡት እኔም በዚያው መንገድ እመልሳለሁ። መጽሐፍ ዕፅዋቱም እንስሳቱም «እንደ ወገኑ» ተገኙ ይላል። ያመጡት ማስረጃ ይህን ቃል የሚያፈርስ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሁለት ቡናዎች ተዳቅለው ሦስተኛ ቡና ቢወልዱ የተገኘው ያው ቡና ነው። ቡና ኮሶ ሲሆን ያየ የለም።

ሁለተኛው ነጥቤ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ፈረስና አህያ ሲዳቀሉ በቅሎ ትገኛለች፤ በቅሎ ግን አትወልድም። ይህ ለእኔ ፈጣሪ በወገንና በወገን መካከል ያኖረው አጥር ነው። አጥሩን ለአንድ ትውልድ መዝለል ቢቻልም በዚያው ያበቃል።

ሦስተኛው የዘመን ነገር ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዘመን ሲሆን፣ በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረን ዓመተ ዓለሙን እናገኛለን፤ ዕለቱን፣ ወንጌላዊውን፣ አጽዋማቱንና በዓላቱን የምናወጣው በዚሁ ነው። ድምሩም ከ7,500 ጥቂት የሚያልፍ ነው። ይህ ለእኛ በወረቀት ላይ የቀረ ቁጥር ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የምንኖርበት ሥርዓት ነውና፣ ሌላ ቁጥር የሚያመጣ ሰው ምን ላይ ቆሞ እንደሚናገር ሊያስረዳን ይገባል።

የቡና አዳቃይ፣ ጅማ

ሁለታችሁንም በማክበር፣ ሥራዬ ቡና ማዳቀል ስለሆነ በቅሎዋ ላይ ልናገር። ዲያቆን፣ የጠቀሱት እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ስላላቸው በቅሎ 63 ይደርሳታል። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም አለባቸው፤ በበቅሎ ውስጥ ጥንዱ ስለማይገጥም ሥራው ይበላሻል። አራቢካን ከወላጁ ከካኔፎራ ጋር ሳዳቅልም የማየው ይህንኑ ነው፤ የሚወለደው ችግኝ 33 ክሮሞዞም ይይዛል፣ ያድጋል፣ ያብባል፣ ፍሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይሆናል። በአጭሩ አራቢካና ካኔፎራ ዛሬ እንደ ፈረስና አህያ ናቸው። አንዱ ግን የሌላው ልጅ ነው። እርስዎ ያሉት አጥር እውነተኛ አጥር ሆኖ ሳለ፣ ይኸው አጥር በዘመን ውስጥ ሲሠራ እናያለን ማለት ነው።

ዕፅዋት በቅሎ የሌላት አንድ መንገድ አላቸው። አንዳንድ ጊዜ በሕዋስ ክፍፍል ስህተት የክሮሞዞሙ ቁጥር በሙሉ ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ከራሱ ግልባጭ ጋር ጥንድ ስለሚያገኝ መካኑ ድቃል በአንድ ትውልድ ፍሬያማ ይሆናል። ስንዴም የመጣው በዚሁ ነው። 28 ክሮሞዞም ያለው ጥንታዊ ስንዴ 14 ክሮሞዞም ካለው የዱር ሣር ጋር ሲዳቀል 21 ያለው መካን ተክል ይወለዳል፤ ቁጥሩ ሲታጠፍ ደግሞ 42 ያለው የዳቦ ስንዴ ይገኛል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሁለቱን ወላጆች በእጃቸው አዳቅለው፣ ቁጥሩን አጥፈው፣ ስንዴውን እንደገና ሠርተውታል፤ ያም ስንዴ በገበሬ እጅ ካለው የዳቦ ስንዴ ጋር ተዳቅሎ ፍሬ ይሰጣል። የመምህር ተማሪ «ያየ ሰው አለ?» ላለችው ቀጥተኛው መልስ ይህ ይመስለኛል። ሰው ሳይነካው የሆነም አለ። በአሜሪካ በዋሽንግተንና በአይዳሆ ግዛቶች ከአውሮፓ የገቡ ትራጎፖጎን የሚባሉ አረሞች ተዳቅለውና ቁጥራቸው ታጥፎ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች አስገኝተዋል፤ በ1950 ሲመዘገቡ ወላጆቻቸው ወደ አካባቢው ከገቡ ገና መቶ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

በመምህር ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአራቢካ ዕድሜ ገና የሚያከራክር ነው፤ በ2024 የታተመው የሙሉ ዘረመል ጥናት ውልደቱን ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሲያደርገው፣ ቀደም ያሉ ጥናቶች እጅግ የቀረበ ዘመን ሰጥተውት ነበር። የማያከራክረው አወላለዱ ነው። ለእኛ ለአዳቃዮች ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። አራቢካ ከጥቂት ወላጆች ስለተነሣ የዘረመል ስብጥሩ ጠባብ ነው፤ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ ያዳኑን በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ የተገኙ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ጥቂት ዛፎች ነበሩ። ስለ ቡና አመጣጥ ስንጨነቅ ስለ ገበሬው ጓሮ መጨነቃችን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ኢንጂነር ከዳላስ

ውይይቱን በደስታ እየተከታተልኩ ነው። እኔ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነኝ፤ ፍጥረትን በሚመለከትም ብዙ አንብቤያለሁ። በመጀመሪያ ዲያቆንን በአንድ ነገር አልደግፋቸውም። በፍጥረት የምናምን ብዙዎቻችን ዝርያ አይለወጥም አንልም። ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ ከአንድ የተፈጠረ ወገን ወጥተው ከጥፋት ውኃ በኋላ በፍጥነት ተለያዩ እንላለን። ስለዚህ ቡናውም ስንዴውም ከአሳባችን ጋር አይጋጩም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ድቅል የነበረውን መረጃ ያደባልቃል እንጂ አዲስ መረጃ አይፈጥርም። ሁለት መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ቢታሰሩ አዲስ ድርሰት አልተጻፈም። ሚውቴሽን ደግሞ ፊደል ማበላሸት ነው፤ ፊደል እያበላሹ መጽሐፍ መጻፍ አይቻልም። አዲስ አካል፣ አዲስ የአኗኗር ዘዴ ከነበረው ሲወጣ ያሳያችሁኝ። የዘመን አለካካቱም ቢሆን መነሻውን ማንም ሳያይ በግምት ላይ የቆመ ነው።

የጣና ዳር መምህር

ኢንጂነር፣ «አዲስ የአኗኗር ዘዴ አሳዩኝ» ማለትዎ ተገቢ ነው። ለእሱ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ብቻ ይበቃኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ ወደሚያራግፉበት ወደብ ወርጄ ነበር። ከቆሮሶውና ከአምባዛው ሌላ እዚህ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው ነበር። ከአንድ አስጋሪ ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ጭንቅላቱ ረዥምና ሾጣጣ፣ አፉ እስከ ዓይኑ ሥር የሚከፈት፣ ሌላው አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈሩ እንደ ጎማ የወፈረ። የሁለቱንም አፍ ከፍቼ ጣቴን አስገባሁ። መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም፤ ጣት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥርሳቸው ያለው ከስንጥባቸው ኋላ፣ ጉሮሮ ውስጥ፣ በተቆለመመ አጥንት ላይ በሦስት ረድፍ ነው። ሆዳቸውን ስቀድ ጨጓራ የለም፤ ከጉሮሮው በቀጥታ አንጀት ይጀምራል። የሾጣጣው አንጀት ውስጥ ግን ግማሽ የተፈጨ ትንሽ ዓሣ ነበር።

ላቢዮባርበስ ያለበት የካርፕ ቤተሰብ በመላው ዓለም ዓሣ አዳኝ ብዙም የማይወጣበት ቤተሰብ ነው፤ መንጋጋው ጥርስ፣ ሆዱ ጨጓራ የሌለው ፍጥረት አድኖ ለመኖር አልታደለም። በጣና ግን 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ሲኖሩ ወደ ስምንት የሚጠጉት ዓሣ በል ናቸው። ሌላው ነፍሳትን ከጭቃ እየለቀመ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ ቀርቶ በውኃ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕያዋንን እየበላ ይኖራል። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ ሲደርስ ወደ 40 ሜትር ገደማ ስለሚወረወር ከታች የሚመጣ ዓሣ የለም። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) አንድ የእንግሊዝ ተመራማሪ የጣናን ነጭ ዓሦች በሙሉ መርምሮ «ሁሉም አንድ ዝርያ ነው» ብሎ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ከሆላንድ የመጡት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ መልካቸውን፣ ምግባቸውንና የሚውሉበትን ጥልቀት ለክተው ብዙ ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ሳይንቲስቶቹ አያውቁም ማለት ነው?» ይላሉ። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ግራ መጋባት ነው እላለሁ። እያንዳንዱ ዝርያ ለየብቻ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ ድንበሩ በሁሉም ቦታ ጥርት ብሎ ባገኘነው ነበር። አንዱ ከሌላው እየወጣ ከሆነ ግን፣ መለያየቱን የጨረሰ፣ ያጋመሰና የጀመረ ዓሣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ማግኘት አለብን፤ የጣናም ነገር እንዲሁ ነው። ቢያንስ ሰባቱ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ አንዱ ከሌላው በሳምንታትና በጅረት እየተለየ። ሌሎቹ ወደ ወንዝ ሲወጡ አልታዩም። በዘረመላቸው ግን እጅግ ተቀራራቢ ናቸው።

(ልቤን የሚከብደኝን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በመራቢያ ወራት የወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየተጣለ እነዚህ ዓሦች በእጅጉ ቀንሰዋል። ከየት እንደመጡ እየተከራከርን ሳለን ከእጃችን ሊያልቁ ይችላሉ።)

የአፋር ጂኦሎጂስት

የዘመን ጥያቄውን እኔ ልውሰደው፤ ዲያቆንም ኢንጂነሩም ምን ላይ ቆማችሁ ትናገራላችሁ ብለዋልና። በአፋር ሜዳ ለዓመታት ድንጋይ ሳነሣ ኖሬያለሁ።

በሐዳር ያለው መሬት እንደ ድርብርብ እንጀራ ነው፤ የሐይቅና የወንዝ ደለል፣ በመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ እንደገና ደለል። በአመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባሉ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ፤ ፖታስየም ይዘዋል። ከፖታስየሙ ጥቂቱ በዝግታ እየተበታተነ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈነዳ የነበረው አርጎን ስለሚያመልጥ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚወለደው ግን በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ድንቅነሽ የተገኘችው 3.18 ሚሊዮን ዓመት ከተለካው የአመድ ንጣፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው።

ኢንጂነር፣ «መነሻውን ማንም አላየም» ብለዋል። መነሻው የታየበት አለ። ቬሱቪየስ በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፈንድቶ ፖምፔን ሲቀብር ዓይን ምስክር ጽፎታል። በ1997 ተመራማሪዎች የዚያን ፍንዳታ ድንጋይ በዚሁ የአርጎን ዘዴ ለክተው 1,925 ዓመት አገኙ፤ የስህተት ልኩ ወደላይም ወደታችም 94 ዓመት ነበር። በታሪክ የሚታወቀው ዕድሜው 1,918 ነበር። ሁለት ሺህ ያልሞላውን እንዲህ የለካ ሰዓት ሚሊዮኑ ላይ ሲደርስ ሺህ እጥፍ ይሳሳታል የሚል ሰው ምክንያቱን ማሳየት ያለበት እሱ ነው።

ስለ ጣናም አንድ ነገር ልጨምር። ከሐይቁ ወለል የተቆፈረው ደለል ሐይቁ ከ16 እስከ 17 ሺህ ዓመት በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል። የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ነበር፤ ሆኖም 500 ያህል የራሱ የዓሣ ዝርያዎች ተቆጥረውለታል።

ዲያቆን ዘፎገራ

እህቴ፣ የቬሱቪየሱን ነገር ከዚህ በፊት አልሰማሁም፤ ከባድ ነጥብ መሆኑን አልክድም። መምህር፣ የዓሦቹ ነገር ደግሞ ከልጅነቴ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ግን ውይይቱ ገና ያልነካውን ልናገር። ቡናም ስንዴም ዓሣም ቢለወጡ እምነቴ አይናወጥም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ሲያስተምሩ አንዳንዱ «እምኀበ አልቦ»፣ ካለመኖር፣ አንዳንዱ ደግሞ «ግብር እምግብር»፣ ከተፈጠረው ነገር ተፈጠረ ይላሉ። መጽሐፉም ስለ ዕፅዋት «ምድር ታብቅል»፣ ስለ ዓሣ «ውኃ ታስገኝ» ይላል እንጂ እንዴትና በምን ያህል እርምጃ እንዳስገኘች አይዘረዝርም። ከዚህ አንጻር ውኃይቱ ዓሣን ከዓሣ ታስገኛለች ቢባል የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም።

የሚያስደነግጠኝ አዳም ነው። ሰው በአርአያው የተፈጠረ፣ የሕይወት እስትንፋስ እፍ የተባለበት ነው። ሰው ከእንስሳ ወጣ ከተባለ ውድቀቱስ፣ ድኅነቱስ በምን ይቆማል? ይህን ጥያቄ በክሮሞዞም ቁጥር የሚመልስ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የቡና አዳቃይ፣ ጅማ

ዲያቆን፣ በክሮሞዞም የማይመለስ መሆኑን እስማማለሁ፤ ክሮሞዞም ስለ ነፍስ አይናገርም። ስለ ሥጋ ግን ይናገራል፤ ሥጋውም ከአራቱ ባሕርያት የተሠራ እንደሆነ እርስዎ ያስተማሩን ነው።

ኢንጂነሩ ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ አንድ ወገን ናቸው ብለዋል፤ ዲያቆን ደግሞ በፈረስና በአህያ መካከል የወገን አጥር አለ ብለው ነበር። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ተነሥተው «ወገን» የሚለውን ቃል በተለያየ ቦታ ከከለሉት፣ ድንበሩን የሚያሳየን ከቃሉ ሌላ ነገር ያስፈልገናል። በኢንጂነሩ መለኪያ እንሂድ። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፤ በአገራችን ቆላ የሚኖረው የግሬቪ የሜዳ አህያ 46። የ18 ልዩነት እያለ አንድ ወገን ናቸው፤ ይሁን። ሰው 46፣ ቺምፓንዚ 48 ነው፤ ልዩነቱ አንድ ጥንድ ነው።

ያ አንድ ጥንድ የት ሄደ? በሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም ውስጥ ይገኛል። ክሮሞዞም እንደ ጫማ ማሰሪያ ጫፍ ጫፉ ላይ መዝጊያ የሚሆን ተደጋጋሚ ፊደል አለው። በሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም ግን ያ መዝጊያ በመካከሉ፣ ጫፍና ጫፍ እንደተጋጠሙ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በ1991 ታትሟል። ክሮሞዞም በተለምዶ አንድ ቋጠሮ (ሴንትሮሜር) ሲኖረው፣ ይህ ግን ከሚሠራው ሌላ የፈዘዘ ሁለተኛ ቋጠሮ አለው። የፊደሉ ቅደም ተከተልም በቺምፓንዚ ውስጥ ለየብቻ ካሉት ሁለት ክሮሞዞሞች ጋር ከዳር እስከ ዳር ይገጥማል። በቡና ላይ ይህን ባየሁ ኖሮ ሁለት ክሮሞዞሞች ተጣብቀዋል ብዬ ለመጻፍ አንድ ቀን አላመነታም ነበር። የሰው ስለሆነ ብቻ መለኪያዬን ብቀይር ለገበሬው የምነግረውም መታመኑ ይቀራል።

ኢንጂነር ከዳላስ

በትዕግሥት ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። የክሮሞዞሙን መጣበቅ አውቀዋለሁ፤ ሰው ብቻውን ከተፈጠረ በኋላ በእሱው ዘር ውስጥ የተፈጸመ ሊሆን ይችላል ብዬ እመልስ ነበር። ሆኖም ከሁለቱ የቺምፓንዚ ክሮሞዞሞች ጋር ለምን በቅደም ተከተል እንደሚገጥም ይህ መልስ አያስረዳም፤ አንድ ሠሪ አንድ ንድፍ ደግሞ ተጠቀመ ከማለት ሌላ የለኝም። ይህም ለሁሉም ግኝት የሚሆን መልስ ስለሆነ ምንም እንደማይለይ ይገባኛል።

ስለ መረጃው ግን ገና አልረካሁም። መምህር ያሳዩኝ ዓሣ መንጋጋው ተለውጧል፤ አዲስ አካል ግን አላበቀለም።

የጣና ዳር መምህር

ኢንጂነር፣ ትክክል ነዎት፤ አዲስ አካል አላበቀለም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ዝግመተ ለውጥ ያለውን እየጎተተ፣ እያሳጠረ፣ እያዞረ ነው የሚሠራው። ጥርስ አስፈልጎት መንጋጋው ላይ ቢያበቅል ኖሮ ነበር ንድፈ አሳቡ የሚቸገረው። አዳኝ ሆኖም ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ መቅረቱ፣ ጨጓራ ሳይኖረው ዓሣ መዋጡ፣ ከአባቶቹ የወረሰውን ይዞ እንደሚኖር ያሳያል። ስለ መጽሐፉ ምሳሌም፣ ሁለት ቅጂ ያለው ጸሐፊ አንዱን ሳይነካ በሌላው ላይ መሰረዝና መጻፍ ይችላል፤ ዘረመል ሲታጠፍም የሚሆነው ይህ ነው። የላቢዮባርበስ ወገን ራሱ 150 ያህል ክሮሞዞም ይዟል፤ የክሮሞዞም ስብስቡ እንደተለመደው ሁለት ሳይሆን ስድስት እጥፍ ነው።

ዛሬ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። የሁለቱን ዓሦች ጭንቅላት ቀቅዬ አጥንቱን ክፍል ይዤ ገባሁ። ያቺ ተማሪዬ የጉሮሮውን አጥንት በወረንጦ አውጥታ ጥርሶቹን በጥፍሯ ነካካቻቸው፤ የአዳኙ ሹልና ቀጠን ያለ፣ የሌላው ደልደል ያለ። የጂኦሎጂስቷን ጽሑፍም አንብቤላቸው ነበር። ልጅቷ አጥንቱን ሳታስቀምጥ፣ «መምህር፣ ሐይቁ ደርቆ ከነበረ እነዚህ ዓሦች ያን ጊዜ የት ነበሩ?» አለችኝ። ወንዝ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬም በገባሮቹ የሚኖር ዘመዳቸው አለ፣ ብዬ መለስኩላት። ጥቂት አስባ፣ «ታዲያ እነዚያ ሰባቱ በየክረምቱ ወደ ወንዝ የሚመለሱት እንቁላላቸውን ገና ወደ ሐይቅ ስላላወረዱ ይሆን?» አለች። ይህን በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላነበበችም። ጥሩ መላ ምት መሆኑን ነግሬያት እንዴት እንደሚፈተን አብረን ጽፈናል፤ ወደ ወንዝ የሚወጡትና የማይወጡት በዘረመል ዛፉ ላይ የት የት እንደሚቀመጡ ማየት ነው።

ዲያቆን ዘፎገራ

እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ያደግሁት ጉማራ ወንዝ ዳር ነው። በልጅነታችን ክረምቱ ሲበረታ፣ ውኃው ቀይ ሆኖ ሲወርድ፣ ዓሣው ሽቅብ ይመጣ ነበር። ጅረቱ በሚሳሳበት ጠጠር ላይ ጀርባቸው ከውኃው በላይ እየታየ፣ እየተገፉ፣ እየተንሸራተቱ ሲወጡ ከብቶቹን ትተን እናይ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚመጣውና ኋላ የሚመጣው አንድ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን ሁሉንም ዓሣ ብለን አለፍነው።

ስለ አዳም ያልኩት እንደጸና ነው፤ በዚያ ላይ ገና ብዙ እንነጋገራለን። የልጅቷን ጥያቄ ግን ከወረቀት ላይ ከማየት በወንዙ ላይ ማየት ይሻላል። ዘንድሮ ፍልሰታ እንደተፈታ ተማሪዎችዎን ይዘው ይምጡ። ጠጠሩ የት እንደሆነ አሳያችኋለሁ፤ የወንዙን ዳር የሚያርሱት ዘመዶቼ ናቸውና መረብ የሚጥል እንዳይኖር ቀደም ብዬ እነግራቸዋለሁ።